ጡሩንባው ከመነፋቱ በፊት

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለ ወረዳ ፖሊስ ሥራ የተደረገ ንግግር)



የእድሩ ኮሚቴ በዚህ ዓመት በተሰበሰበ ቁጥር ከአባላት ደጋግሞ የመጣለት አንድ ጥያቄ ነበር። ይኸውም፣ ሰው በሕመም ሳይሆን በድንገት ሲሞት፣ መኪና ገጭቶት ይሁን ውሃ ወስዶት፣ በጠብ ይሁን ማንም በማያውቀው ነገር፣ ጡሩንባ ከመነፋቱና ድንኳን ከመተከሉ በፊት የሚነገረው ለማን ነው? አስከሬኑንስ ማን ይነካዋል? የሚል ነው። ለአፍ ቀላል ጥያቄ ነው። ወደ መልሱ ሲገባ ግን ፖሊስ ምን ይሠራል፣ ከእኛስ ምን ይጠብቃል የሚለውን ሳያነሡ ማለፍ አይቻልም። ስለዚህ ይህችን ጽሑፍ አዘጋጅተን እንድናቀርብ ታዘዝን። እኛ የሕግ ሊቃውንት አይደለንም፤ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ስንጽፍና መዝገብ ስናገላብጥ ጸጉራችን የሸበተ ሰዎች ነን። የምናውቀውን ብቻ እንናገራለን።

ፖሊስ የሚባለው ነገር ባገራችን ዕድሜው ብዙ አይደለም። ሕግ ማስከበር ግን የቆየ ነው። አባቶቻችን እንደ ነገሩን፣ ሁለት ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ ያየ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ካለ የተነሣው ዱላ ይወርዳል። «በንጉሥ አምላክ!» ተብሎ እንቢ ያለ ሰው ጥፋቱ ከባላጋራው ጋር ብቻ መሆኑ ይቀርና ከመንግሥት ጋር ይሆናል። ከሳሽና ተከሳሽም የነጠላቸውን ጫፍ አንድ ላይ ቋጥረው፣ ጎን ለጎን እየሄዱ፣ ዳኛ ፍለጋ ይወጣሉ። ያገኙት ትልቅ ሰው መንገደኛም ቢሆን የመንገድ ዳኛ ይሆንና ነገራቸውን ይሰማል። ጠባቂ የለ፣ ካቴና የለ፤ ያቺ ቋጠሮ ነበረች ወታደራቸው። ዛሬ ይህን ለልጆች ስንነግራቸው ይስቃሉ።

ሌባው ያልታወቀ እንደ ሆነ ደግሞ አውጫጭኝ ነበረ። በሬ ሲጠፋ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ሰው ሜዳ ላይ ሞቶ ሲገኝ የአገሩ ሰው በሙሉ አንድ ስፍራ ይሰበሰባል፤ ያየውን የሰማውን እንዲያወጣ ይጠየቃል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይለቀቅም። በግልጽ ለመናገር የፈራ ሰው የሚያውቀውን ለ«ወፍ» ሹክ ይላል፣ «ወፍ» ማን እንደ ነገረው ሳይገልጽ ያወጣዋል። ለዘመኑ ብልሃት ነበር፤ ጎረቤት የማያውቀው ምሥጢር የለምና። ነገር ግን መሬቱ ሳይታረስ፣ ከብቱ ሳይጠጣ ቀን በቀን ላይ ይጨመራል፤ በዚያ ላይ ወገን የሌለው፣ እንግዳ የሆነ ወይም ሰው የጠላው ሁሉ ስሙ ቀድሞ ይጠራል። ሌባ ሻይ የሚባለውማ ከዚያ የባሰ ነበር። ለአንድ ብላቴና መድኃኒት አጠጥተው ይለቁትና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት የሌባው ነው ይባላል። እንዲህ ያለው ነገር በመቅረቱ የሚያዝን ያለ አይመስለንም።

የፖሊስ ሠራዊት በዐዋጅ የተቋቋመው ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ዐዋጁ ቁጥር 6 ነው። በእኛ በኩል ግን፣ ያን ጊዜ ጠቅላይ ግዛቱ በጌምድርና ስሜን፣ አውራጃችንም ሊቦ ሲባል፣ ፖሊስ የሚታየው በጎንደርና በአውራጃው ከተማ በአዲስ ዘመን ነበር። ገጠሩ በጭቃ ሹም፣ በአጥቢያ ዳኛና በነጭ ለባሽ እጅ ነው የቆየው። ነጭ ለባሽ ደመወዝ የለውም፤ የራሱን ጠመንጃ ይዞ፣ የራሱን ነጠላ ለብሶ ሽፍታ ያሳድዳል። ደመወዝ የሌለው ሰው ደግሞ የሚበላው ከተላከበት ቤት ነው። አንድ በግ ተሰረቀብኝ ብሎ የከሰሰ ሰው፣ ሌባውን ሊፈልጉ ለመጡት ሁለት በግ አረደ እየተባለ በቀልድ ይነገር ነበር። ቀልዱ ባዶ አልነበረም። ገበሬ «ፖሊስ ጋ ከምሄድ ቢቀርብኝ ይሻላል» የማለቱ ሥር እዚያ ነው ያለው፤ ነቅሎ ለመጣል ገና ብዙ ይቀረናል።

ከ1967ቱ ለውጥ በኋላ የገበሬ ማኅበርና ቀበሌ መጡ። የፍርድ ሸንጎ፣ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ተባለ። ጠመንጃ የያዘው የሰፈር ልጅ ሆነ። በዚያ ዘመን የሆነውን በዚህ ስብሰባ ዘርዝረን አንዘልቀውም፤ እዚህ ካለነው መካከል ያላዘነ ቤት ጥቂት ነው። ለዛሬው ነገራችን የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው፦ ጎረቤት መርማሪም፣ ከሳሽም፣ ፈራጅም፣ ቀጪም በሆነ ጊዜ ምን እንደሚመጣ በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ የጎረቤት ሥራ የት ላይ እንደሚያበቃ ማወቅ ይገባል እንላለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ፖሊስ ነገር የሚጀምረው ከሰው አፍ ነው። የተማረ መርማሪ ቢሆን፣ መኪና ቢኖረው፣ ሬዲዮ ቢይዝ፣ መጀመሪያ የደረሰው ሰው የነገረው ነገር ከተበላሸ ምርመራው ተበላሸ ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ይህን አውቆ ነው አቤቱታ ተቀባዩ ፖሊስ የተነገረውን በጽሑፍ እንዲያሰፍር፣ ለተናጋሪው መልሶ እንዲያነብለት፣ ቀን ጽፎ እንዲያስፈርመው ያዘዘው። «መልሶ እንዲያነብለት» የሚለውን ልብ በሉልን። በሥራ ላይ ሳለን ብዙ አይተናል፤ ሰው ቃሉን ሰጥቶ፣ ሳይነበብለት አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይወጣል። ከዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሲቆም «እኔ እንዲህ አላልኩም» ይላል። ማን ይሰማዋል? ጣቱ እዚያ ላይ ነው። እናቶች፣ ማንበብ ባትችሉ «አንብብልኝ» ማለት መብታችሁ ነው፤ ማፈር አያስፈልግም።

ልጆቻችን በሄዱበት በአሜሪካ አገር የገጠሩን ፀጥታ የሚጠብቅ ሸሪፍ የሚባል ሹም አለ። ቃሉ ከጥንት እንግሊዝ የመጣ ሲሆን የአውራጃ ሹም እንደ ማለት ነው። በአብዛኛው ግዛት ሕዝቡ ራሱ በድምፅ ይመርጠዋል። ከከተማ ውጭ ያለውን መንደር ይጠብቃል፣ የአውራጃውን እስር ቤት ይይዛል፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ ያደርሳል። ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የወረዳችን ፖሊስም መጥሪያ ያደርሳል፣ እስረኛ ይጠብቃል። ያስገረመን ሌላው ነው፦ በካሊፎርኒያ ብዙ አውራጃዎች ሸሪፉ የአሟሟት መርማሪም ነው። ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ሁሉ በመጀመሪያ የሚነገረው ለእሱ ነው፤ እሱ ሳያየው አይቀበርም። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ሲሞት በመጀመሪያ የሚነገረው ለማን ነው? ለእድሩ ዳኛ ነው። እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ፖሊስና እድር የሚገናኙት በአንድ አስከሬን ፊት ነው፤ ብዙ ጊዜም እኛ ቀድመን እንደርሳለን።

አገራችንን ተመልከቱ። ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት። ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ ጎንደር የሚያልፈውም፣ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወደ ወልድያ የሚታጠፈውም እዚሁ ያልፋል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሩዝ በሜዳችን ከተዘራ ወዲህ ደግሞ ፈታጊው፣ ነጋዴው፣ አይሱዙው፣ ባጃጁ በዛ። በዚያው አስፋልት ላይ የፎገራ ላም ትነዳለች፣ ሕፃን ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ገበያተኛ ተሸክሞ ይሻገራል። በስተምዕራብ በኩል፣ ናበጋና ዋገጠራ፣ ሺናም ጭምር፣ ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ይሞላሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን ጎርፍ የረሳው የለም። ሩዙ ሲስፋፋ የወል ግጦሹ ጠበበ፣ ድንበርና ግጦሽ የጠብ ምክንያት ሆነ። እንግዲህ መኪና፣ ውሃ፣ ድንበር፤ በሕመም ያልሆነ ሞት ከሞላ ጎደል ከሦስቱ ባንዱ ነው የሚመጣብን።

አንድ የሆነ ነገር እንንገራችሁ። ስም አንጠራም፤ የሌላ ሰፈር እድር ነው። አንድ አባወራ ከብቶቹን እየነዳ አስፋልት ሲሻገር የጭነት መኪና ገጨው፣ ወዲያው ሞተ። ሾፌሩ አልሸሸም፤ የመኪናው ባለቤትም ደግ ሰው ነበሩ፣ ሲያለቅሱ መጡ። ሽማግሌ በመሐል ገባ። «የፈጣሪ ቁጣ ነው፣ ሾፌሩን ብናሳስር ሟቹን አያስነሣው» ተባለ። ለቀብሩ የሚሆን ገንዘብ ተሰጠ፣ ለሚስቲቱም ጥቂት ተጨመረላት፣ በዚያው ቀን ማታ ተቀበረ። ፖሊስ ሲሰማ ሦስተኛው ቀን አልፏል። መኪናው ከቦታው ተነሥቷል፣ የጎማው ምልክት በዝናብ ታጥቧል፣ አስከሬኑን ሐኪም አላየውም፣ ያዩት ሰዎችም አንዱ «በግራ በኩል ነበር»፣ አንዱ «በቀኝ» አሉ።

ሴትዮዋ አራት ልጆች አሏት። ኋላ ላይ አንድ ዘመድ «የመድን ገንዘብ አለሽ» አላት። እውነቱን ነው። በዐዋጅ ቁጥር 799/2005 ማናቸውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይገባ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ታዟል። ዐዋጁ ሲወጣ ለሞት የሚከፈለው እስከ 40,000 ብር ነበር። ገጭቶ የሸሸው መኪና ባይታወቅ እንኳ ለዚህ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ለቆሰለ ሰውም የድንገተኛ ሕክምና ወጪ ይሸፈናል። ግን ይህ ሁሉ የሚከፈተው በአንድ ወረቀት ነው፤ እሱም የፖሊስ ማስረጃ ነው። አደጋው በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ታርጋ ደረሰ፣ ሟቹም በዚሁ ምክንያት ሞተ የሚል። እሷ ዘንድ ያ ወረቀት የለም። ከቢሮ ቢሮ ሁለት ዓመት ተመላለሰች፣ ከጥቂት ጥጆቿ አንዱን ለመጓጓዣ ሸጠች፣ ከዚያም ተወችው። ሽማግሌዎቹ ክፉ አልነበሩም፣ የመኪናው ባለቤትም ክፉ አልነበሩም። ግን የአራት ልጆች እንጀራ በዚያች ማታ ከአባታቸው ጋር ተቀበረ።

ሌላም ነገር አለ፣ መቼም እንናገረው። ሰው ወንዝ ዳር ወይም የሩዝ ማሳ ውስጥ ሞቶ ሲገኝ «ውሃ በልቶት ነው» ብሎ ቶሎ መቅበር ለማን ይጠቅማል? ውሃ ካልሆነ ለገዳዩ ይጠቅማል። ውሃ ከሆነ ደግሞ፣ ዓመት ቆይቶ በድንበር የተጣላው ጎረቤት ላይ ሐሜት ይነሣል፤ ማንም ንጹሕነቱን ሊያስረዳለት አይችልም። ሐሜቱ ወደ ደም ይሄዳል። ሐኪም አይቶ «ይህ ሰው የሞተው በመስጠም ነው» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ያ ጎረቤት በሰላም ያርስ ነበር። ምርመራ የሚጠቅመው ለሟች ብቻ አይደለም።

እርግጥ ነው፣ የአስከሬን ምርመራ ሲባል ቤተሰብ ይደነግጣል። በፊት ከሩቅ አገር ሳይቀር አስከሬን እስከ አዲስ አበባ ምኒልክ ሆስፒታል ድረስ ይላክ ነበር፣ ቀናትም ይፈጅ ነበር። «ሬሳዬን ሊያንገላቱብኝ ነው» የሚለው እንባ ከዚያ የመጣ ነው። ሐኪም ቢዘገይም፣ ወጪው ቢከብድም፣ ነገሩ ክብር መንፈግ አይደለም። ካህናቱም ፍትሐቱን አይከለክሉም፤ በወጉ ይፈታል።

ታዲያ በዚያች በመጀመሪያዋ ሰዓት ምን ይደረግ? ነፍስ ካለው ከሁሉ በፊት ወደ ሐኪም፤ ፖሊስ እስኪመጣ እየተባለ ደሙ ሲፈስ የሚታይ ሰው እንዳይኖር። ነፍሱ ከወጣች ግን አስከሬኑ ካለበት አይነሣ፣ አይታጠብ፣ ልብሱ አይለወጥ። ነጠላ ይልበስና ሁለት ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ሌላ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ይሂድ ወይም ይደውል። ከተማው ውስጥ ከሆነ ለወረታ ከተማ ፖሊስ፣ ገጠር ከሆነ ለፎገራ ወረዳ ፖሊስ፤ ባይታወቅም ለቀረበው ይነገር፣ እነሱ ይነጋገሩበታል። መኪና ከሆነ ታርጋውን ጻፉ። በእጅ ላይም ቢሆን ጻፉ። ያዩትን ሰዎች ስም ያዙ፤ መንገደኛ ማታ ባሕር ዳር ገብቶ ያድራልና ስልኩን ተቀበሉት። ቢላ፣ ዱላ፣ ጥይት ቀለህ ቢታይ በእጅ አይነካ።

እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው እንደ ሆነ፣ የ1954ቱ ሕግ ማንኛውም ሰው ያለ ማዘዣ ሊይዘው እንደሚችል ጽፏል። መያዝ ነው እንጂ መደብደብ አላለም። ይዞ ለፖሊስ ማስረከብ እንጂ ጎተራ ውስጥ ቆልፎ ማሳደርም አላለም። የተያዘው ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 ደንግጓል፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ይህ የተጻፈው ለሌባ አዝኖ አይደለም። ነገ የእናንተም ልጅ በሰው ጥቆማ ሊያዝ ይችላል። ያን ጊዜ ስንቅ ይዛችሁ ጣቢያ በር ላይ ስትቆሙ ሰዓቱን መቁጠር ታውቃላችሁ።

ሽማግሌስ ሥራ የለውም ወይ? አለው እንጂ! ስድብ፣ ቀላል ጉዳት ያደረሰ ድብድብ፣ እነዚህ ተበዳዩ ካላመለከተ ፖሊስ የማይከሳቸው ናቸው፤ ማመልከቻውም በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይቀራል። እዚህ ላይ ሽማግሌ ቢያስታርቅ ፖሊሱም ይመርቀዋል። የሰው ነፍስ ሲጠፋ ግን ከሳሹ መንግሥት ነው፤ ቤተሰቡ «ይቅር ብለናል» ቢል መዝገቡ አይዘጋም። ደም የማድረቅ ሽምግልና ያን ጊዜም አስፈላጊ ነው፣ ወንድም ወንድሙን ብሎ እንዳይነሣ። ግን ከምርመራው ጎን ይሂድ፣ ምርመራውን አይደብቅ።

ፖሊስንም ሳንነካው አናልፍም፣ አባላት ያሉንን መናገር አለብን። «ነገ ና» ማለት አለ። ቃል ሊሰጥ የመጣን ሰው እንደ ወንጀለኛ ማመናጨቅ አለ። ለመኪና ነዳጅ ግዙ የሚል ጥያቄም ሰምተናል። በሌላ በኩል ደግሞ፣ በክረምት ጭቃ እስከ ጉልበቱ ሰምጦ፣ በትንሽ ደመወዝ፣ ልጆቹን ሌላ ወረዳ ትቶ የሚሠራውንም አይተናል። በክልላችን በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀበት ጊዜ ወዲህ ባለው ችግር ፖሊስ ወደ ብዙ የገጠር ቀበሌ እንደ ልቡ መውጣት አልሆነለትም። መጥቶ ማየት ባልቻለበት ቦታ፣ ያዩ ሽማግሌዎች ቀንና ሰዓቱን ጽፈው፣ ሦስት አራት ሰው ፈርሞበት፣ የጤና ባለሙያ ካለም አይቶት እንዲቆይ ማድረግ ይሻላል። ፖሊስን አይተካም። ነገ መንገድ ሲከፈት ግን መዝገብ የሚጀመርበት ነገር ይሆናል። ሞቱንም በ30 ቀን ውስጥ ለክብር መዝገብ ማስመዝገብ እንዳይረሳ፤ ለውርስም ለጡረታም የሚጠየቀው እሱ ነው።

አሁን ኮሚቴው ለጉባኤው የሚያቀርባቸው ሐሳቦች አሉ። ደንባችን ለቀስተኛ ቤት ገንዘብ የሚሰጠው ከቀብር በኋላ ነው ይላል። አስከሬን ለምርመራ ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ሲሄድ ግን ወጪው የሚመጣው ከቀብር በፊት ነው፤ ቤተሰብ ምርመራውን የሚሸሸው አንዳንዴ በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለመጓጓዣው የሚሆን ከእድሩ ካዝና በቅድሚያ እንዲወጣ፣ ከሚሰጠውም ላይ እንዳይቀነስ እንጠይቃለን። ካቅማችን በላይ ነው የሚል አባል ቢኖር ገንዘብ ያዡ ሂሳቡን ይዘዋልና ይጠየቁ። ሁለተኛ፣ ጡሩንባ ነፊያችን ለቀብር ከመንፋታቸው በፊት «በምን ሞተ?» ብለው ዳኛውን ይጠይቁ፤ በድንገት ከሆነ ሕዝቡ የሚጠራው አስከሬኑን ለመጠበቅና ቤተሰቡን ለማጽናናት ይሁን፣ የቀብሩ ሰዓት ፖሊስ ከፈቀደ በኋላ ይነገር። ሦስተኛ፣ ከአባላት ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ሴት ብትሆን መልካም ነው፣ ቃል ለመስጠት ጣቢያ ከሚሄድ ሐዘንተኛ ጋር አብረው እንዲሄዱ ይመረጡ። የተጻፈው ሲነበብ አብረው ያዳምጣሉ።

በእነዚህ ላይ ከምሳ በፊት ድምፅ ይሰጥባቸዋል። የጣቢያዎቹ ስልክ ቁጥር ደግሞ ድምፅ አያስፈልገውም፤ ድንኳኑና ድስቱ ባለበት በዕቃ ቤታችን በር ላይ በትልቁ ይጻፋል። ቀለሙን እኛ እናመጣለን።